በይሉኝታ የሰው ሻንጣ አትያዙ

ልጆቼ፣ እኔ ደብረ ብርሃን ከ30 ዓመት በላይ በጥብቅና የሰራሁ ሰው ነኝ፣ ብዙ ጉዳይ አይቻለሁ ግን እንደዛች ቀን የከበደኝ የለም። ከመንዝ አንዲት እናት የውጭ ሀገር የፍርድ ወረቀት ነጠላቸው ጫፍ ላይ ቋጥረው መጡ፣ እንግሊዝኛውን እያነበብኩ ነገርኳቸው፣ ልጅቷ ሻንጣዋ ውስጥ አደንዛዥ እፅ ተገኝቶ 18 ዓመት ተፈርዶባታል። አልጮሁም። "በኛ አቆጣጠር መቼ ነው የምትወጣው?" አሉኝ፣ ቆጠርኩላቸው፣ ከዛ በጣታቸው የራሳቸውን እድሜ መደመር ጀመሩ።

ነገሩ የጀመረው አዲስ አበባ በተዋወቀችው ሰው ነው፣ ትኬቱንም ቪዛውንም ችሎላት "ልብስ አምጥተሽ ትነግጃለሽ፣ ይቺን ሻንጣ ብቻ ለጓደኛዬ አድርሺልኝ" አላት፣ ይሄን ሁሉ ላደረገ ሰው እንዴት እምቢ ይባላል? እኛን የሚያስበላን ይሄ ይሉኝታ ነው። አላወቅኩም ማለት ደሞ እዛ ብዙ አያድንም፣ ሲንጋፖር ብትሄዱ ሻንጣው ወይ ቁልፉ እጅህ ከተገኘ ህጉ ያንተ ነው፣ ታውቀዋለህ ብሎ ይነሳል፣ አለማወቅህን የምታስረዳው አንተ ነህ፣ ከ15 ግራም በላይ ንፁህ ሄሮይን ያስገባ ሞት ሊፈረድበት ይችላል፣ 15 ግራም እኮ አንድ የሾርባ ማንኪያ ስኳር ቢያክል ነው! እ.ኤ.አ. በ2005 የኢንዶኔዥያዋ ባሊ ላይ በሄሮይን ከተያዙት 9 አውስትራሊያውያን 2ቱ በ2015 ተረሸኑ፣ 5ቱ ሀገራቸው የገቡት በ2024 መጨረሻ ነው፣ ያውም ሀብታም መንግስት እየለመነላቸው።

ሸዋ ሮቢት በጠራራ ፀሐይ የሚሸጠው ጫትም እንግሊዝ እ.ኤ.አ. ከ2014 ጀምሮ ክልክል ነው፣ አሜሪካም ቻይናም ያሳስራል። በርበሬና ሽሮ አድርሱልን ሲሏችሁ እንኳን፣ አክስታችሁም ብትሆን፣ ፊት ለፊቷ ፈታችሁ እዩና እናንተው መልሳችሁ እሰሩት፣ ብትቀየም ትቀየም።

ከተያዛችሁ ደሞ ለኤምባሲዬ ይነገርልኝ በሉ፣ ሀገሮች ስለ ቆንስላ ስራ እ.ኤ.አ. በ1963 የተስማሙበት የቪየና ኮንቬንሽን የሰጣችሁ መብት ነው። ኤምባሲ አያስፈታም፣ ግን መጥቶ ይጠይቃችኋል፣ ጠበቃ በመፈለግ ሊያግዛችሁ ይችላል፣ ለቤተሰብም ወሬ ይደርሳል። የአማርኛ አስተርጓሚ ሳይመጣ ምንም ነገር አትፈርሙ፣ በተሰባበረ እንግሊዝኛም በአረብኛም እንግባባለን ብላችሁ እንዳትሞክሩት። ያቺ ልጅ "የስ፣ የስ" እያለች የፈረመችው ወረቀት ፍርዱ ላይ የእምነት ቃል ተብሎ ተጠቅሷል፣ እኔው ነኝ ለእናቷ ያነበብኩላቸው።