ሪስሊንግ ከምን ጋር ይሄዳል? ጥያቄዎቻችሁና መልሶቼ

ስለ ሪስሊንግ፣ ስለ ጀርመኑ ነጭ ወይን፣ በጻፍኩ ቁጥር ጥያቄ ይጎርፍልኛል። ዛሬ የተወሰኑትን ልመልስ።

«አንዱ ሪስሊንግ እንደ ብርዝ ይጣፍጣል፣ ሌላው እንደ ሎሚ ፊት ያስጨማድዳል። ሳልከፍተው እንዴት ልለየው?»

ጠርሙሱን አዙረህ የአልኮሉን መጠን ፈልግ። 7፣ 8 ወይም 9 በመቶ ካለ የፍሬው ስኳር በሙሉ ወደ አልኮል ሳይቀየር መፍላቱ ቆሟል ማለት ነው፤ ስለዚህ ይጣፍጣል። 12 እና ከዚያ በላይ ካለ አብዛኛውን ጊዜ ድራይ ነው፣ ጣፋጭነት የለውም ማለት ነው። «ትሮከን»፣ በጀርመንኛ ድራይ፣ የሚል ካየህ በሊትር ከ9 ግራም በላይ ስኳር የለውም። «ፋይንሄርብ» በድራይና በጣፋጭ መሃል ላይ ነው። ብዙ ሰው የሚሸወደው «ካቢኔት» እና «ሽፔትሌዘ» የሚሉት ላይ ነው። እነሱ የሚናገሩት ፍሬው ሲለቀም ምን ያህል እንደበሰለ ነው እንጂ ወይኑ ይጣፍጥ አይጣፍጥ አይደለም። ሽፔትሌዘ ተብሎ ትሮከን የሆነ ሞልቷል።

ከፍራንክፈርት፦ «እንግዳ ጠርቼ ዶሮ ወጥ ልሠራ ነው። ሪስሊንግ ይሆናል ወይስ ቀይ ልግዛ?»

ይሆናል እህቴ፣ እንደውም ከቀይ ይሻላል። የቀይ ወይን ታኒን፣ ያ አፍ የሚያደርቀው ነገር፣ በርበሬ ሲያገኝ ይመራል፤ አልኮሉ ከፍ ካለ ደግሞ ማቃጠሉ ይብሳል። ትሮከኑንም ለዚያ ቀን ተይው። ከጀርመን የሞዘል ወንዝ ሸለቆ የመጣ፣ 8 በመቶ አካባቢ የሆነ ካቢኔት ግዢ። ጎርሰሽ ከዋጥሽ በኋላ፣ በርበሬው ገና ጉሮሮሽን ይዞ ሳለ፣ አንዴ ፉት በዪበት። ጣፋጩ እሳቱን ያበርደዋል፣ ኮምጣጣው ምላስሽ ላይ የቀረውን ቅቤ ጠርጎ ይወስደዋል፣ ወዲያው እጅሽ ወደ እንጀራው ይመለሳል። በደንብ የበሰለ ቁሌት ራሱ ጣፈጥ ስለሚል ከወይኑ ጋር ይግባባል። ምስር ወጥም ያው ነው። ለአልጫ ግን ፋይንሄርብ ይበቃል።

«ጀርመኖቹ ራሳቸው ከምን ጋር ይጠጡታል?»

እንደ አካባቢው ነው፣ ጋሼ። ፋልዝ የሚባለው የወይን አገር ቢሄዱ ዛውማገን ያቀርቡልዎታል፤ የአሳማ ጨጓራ ውስጥ ሥጋና ድንች ተሞልቶ የሚሠራ ምግብ ነው፣ ከትሮከን ጋር ይበሉታል። አሳማ ለማይበላ ሰው በቅቤ የተጠበሰ ትራውት የሚባል ዓሣ አለ፣ ለእኔ ከሁሉም የሚበልጠው እሱ ነው። በጸደይ ደግሞ እስከ ሰኔ አጋማሽ ድረስ ነጭ አስፓራጉስ የሚባል አትክልት ገበያውን ይሞላዋል። ከእሱ ጋር ግን፣ ሪስሊንግን የቱንም ያህል ብወድ፣ ፍራንከን ከሚባለው አካባቢ የሚመጣው ዚልቫነር የተባለ ሌላ ነጭ ወይን ይሻላል እላለሁ፤ ለስለስ ያለ ነው።

«የቆየ ጠርሙስ ከፍቼ ቤንዚን ቤንዚን ሸተተኝ፣ ከታች ደግሞ የብርጭቆ ስባሪ የሚመስል ነገር አለ። ልድፋው?»

ኧረ እንዳትደፋው! ያ ሽታ ሪስሊንግ ሲያረጅ የሚያመጣው ነው፣ ፈልገው የሚገዙትም አሉ። ከታች ያለው ከወይኑ አሲድ የወጣ ጨው ነው፤ ጠርሙሱ ብርድ ሲያገኘው ይረጋል፣ አይጎዳም። ቀስ ብለህ ቅዳው።

«የሞዘሉ ዋጋ ለምን ይወደዳል?»

ሁሉም አይወደድም። ብሬም መንደር ያለው የካልሞንት ቁልቁለት ግን 65 ዲግሪ ድረስ ያዘነበለ ገደል ነው። ትራክተር አይወጣውም፤ ግንዱ የሚገረዘውም ዘለላው የሚለቀመውም በሰው እጅ ነው። ለዚያ ልፋት ከፍሎ መግዛት አይቆጨኝም።

«ምን ያህል ይቀዝቅዝ?»

ከ8 እስከ 10 ዲግሪ። ፍሪጅ ውስጥ ካደረ ከመክፈትሽ በፊት ሩብ ሰዓት ያህል ጠረጴዛ ላይ አቆይው፣ አለበለዚያ መዓዛው አይወጣም።