ዳኛው «አትቁጠሩት» ሲል ጁሪው በእርግጥ ይተወዋል?

የተጠየቀው ይህ ነው፦ ምስክሩ መናገር የማይፈቀድለትን ተናገረ፤ ዳኛው ጁሪዎቹን፣ ማለትም ማስረጃውን ሰምተው ፍርድ እንዲሰጡ ከተራ ዜጎች የተመረጡትን፣ «ይህን እንዳልሰማችሁ ቁጠሩት» አላቸው። ትእዛዙ ይሠራል? ጠበቃውስ ምን ያድርግ?

ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነው። ትእዛዙ የሚሠራው በከፊል ነው፤ የሚወስነውም ማስረጃው የተከለከለበት ምክንያት ነው። የሥነ ልቦና ተመራማሪዎቹ ካሲንና ሶመርስ እ.ኤ.አ. በ1997 ባወጡት ጥናት፣ በግድያ ክስ ላይ ተከሳሹን የሚያጋልጥ የተጠለፈ የስልክ ንግግር ቀረበ። ድምፁ በደንብ ስለማይሰማ ተዉት የተባሉት ተሳታፊዎች በአብዛኛው ተዉት። ጠለፋው ሕገ ወጥ ስለነበር ተዉት የተባሉት ግን ፍርዳቸው ውስጥ አስገቡት። እውነት ሆኖ የታያቸውን ነገር በሥነ ሥርዓት ጉድለት ብቻ መጣል፣ ወንጀለኛን መልቀቅ ይመስላቸዋል።

ተቃውሞው ራሱ ነገሩን ሊያጎላው ይችላል። ተመራማሪው ብሮደር እ.ኤ.አ. በ1959 ስለ ቺካጎ ዩኒቨርሲቲ የጁሪ ጥናት የጻፈውን ተመልከቱ። በአንድ የካሳ ክስ ተከሳሹ ኢንሹራንስ የለኝም ሲል ጁሪዎቹ በአማካይ 33,000 ዶላር ፈረዱ። አለኝ ሲልና ማንም ሳይቃወም 37,000 ሆነ። ተቃውሞ ቀርቦ ዳኛው «አትቁጠሩት» ሲል ግን 46,000 ደረሰ!

ስለዚህ ዋናው ሥራ ከችሎቱ በፊት ነው። የምትፈሩትን ማስረጃ ለይታችሁ በጽሑፍ አስቀድማችሁ አሳግዱ፤ የተቃራኒው ወገን ምስክሮችም ስለ እገዳው እንዲነገራቸው ጠይቁ፤ ብዙ ጊዜ የሚያመልጠው እዚህ ላይ ነው። በችሎት ላይ ከሆነ ምስክሩ ሳይመልስ ተቃወሙ፤ ክርክሩን ዳኛው ዘንድ ቀርባችሁ ጁሪው በማይሰማበት አድርጉት። ካመለጠ፣ ትእዛዙ አጭር ይሁን፣ የተባለውን አይድገም። ማስረጃው በእርግጥ የማይታመን ከሆነም ምክንያቱ ለጁሪው ይገለጽ። ዝም ማለት የሚያዋጣበት ጊዜ አለ፤ ነገር ግን ተቃውሞው በመዝገብ ካልሰፈረ ይግባኝ ላይ ትጎዳላችሁ። መፍትሔው ዳኛው ዘንድ ተቃውሞን አስመዝግቦ ትእዛዙ ለጁሪው እንዳይነገር መጠየቅ ነው።

በትእዛዝ የማይሽር ነገርም አለ። የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት እ.ኤ.አ. በ1968 በብሩተን ጉዳይ፣ በጋራ ችሎት አንዱ ተከሳሽ ወንጀሉን አምኖ የሰጠው፣ ሌላውን የሚወነጅልበት የእምነት ቃል ለጁሪው ከተሰማና ተናጋሪው በመስቀለኛ ጥያቄ ካልተፈተነ፣ የዳኛው ማስጠንቀቂያ እንደማይበቃ ወስኗል። እንዲህ ያለው ሲደርስ ማስጠንቀቂያ ሳይሆን ችሎቱ ፈርሶ በአዲስ ጁሪ እንዲጀመር ጠይቁ።

ጁሪዎቹን «ነገሩ ነክቷችሁ ነበር?» ብሎ መጠየቅ ግን አይረዳም። ካሲንና ሱኬል እ.ኤ.አ. በ1997 እንዳሳዩት፣ የእምነት ቃሉ በግፊት የተገኘ ነው፣ ፍርዴንም አልነካውም ያሉት ሳይቀሩ፣ ቃሉን ፈጽሞ ካልሰሙት ይልቅ ጥፋተኛ ማለት ያዘነብሉ ነበር።