ስለ ካስታኛቾ የፈለጋችሁትን ጠይቁኝ (የካስታኛ ዱቄት ኬክ)

ሰላም እንዴት ናችሁ፣ የምኖረው ጣሊያን ቶስካና ውስጥ ነው፣ ብርድ ሲገባ ቤቴ ካስታኛቾ አይጠፋም፣ ሰሞኑን ብዙ ሰው ስለሱ ስለጠየቀኝ ሁሉንም እዚሁ ልመልስ ብዬ ነው። ለማያውቀው፣ ካስታኛ (በእንግሊዝኛ ቼስትነት) በጥቅምትና በህዳር አውሮፓ መንገድ ዳር ተጠብሶ የሚሸጠው ቡናማ ፍሬ ነው፣ እሱ ደርቆ ሲፈጭ ነው ዱቄቱ የሚወጣው።

ጥያቄ፦ ትናንት ሰራሁት ግን ምንም ኩፍ አላለም፣ ጠፍጣፋ ሆኖ ላዩም ተሰነጣጠቀ። ቤኪንግ ፓውደር ላድርግበት?

እንዳታደርጊ የኔ እህት! በትክክል ነው የሰራሽው። ካስታኛቾ ኩፍ አይልም፣ እርሾ የለው፣ እንቁላል የለው፣ ዱቄቱ ራሱ ግሉተን ስለሌለው አየር ይዞ የሚያቆይ ነገር የለውም። ቁመቱ 1 ሳንቲም ወይ 1 ሳንቲም ተኩል ነው፣ ከዛ ከወፈረ መሃሉ ጭቃ ሆኖ ይቀራል። ስንጥቁ ደግሞ መብሰሉን የምታውቂበት ነው፣ እዚህ ያሉ እናቶች ከሰዓቱ ይልቅ ስንጥቁን ነው የሚያዩት።

ጥያቄ፦ ልኩን በግራም ጻፊልን እባክሽ።

እሺ። ስፋቱ 26 ሳንቲም ለሆነ ክብ ትሪ 300 ግራም የካስታኛ ዱቄት፣ ከ400 እስከ 450 ሚሊ ውሃ፣ ቆንጠር ያለ ጨው፣ 3 የሾርባ ማንኪያ የወይራ ዘይት፣ 50 ግራም ዘቢብ፣ 40 ግራም ፒኖሊ (የጥድ ዛፍ ፍሬ)፣ አንድ ዘለላ የጥብስ ቅጠል፣ አለቀ። ዱቄቱ በጣም ስለሚጓጉል መጀመሪያ በወንፊት ንፉት፣ ይሄን የዘለለ ሰው እብጥ እብጥ ያለ ሊጥ ይዞ ነው የሚታገለው። ውሃውን አንዴ አትገልብጡት፣ ትንሽ ትንሽ እያላችሁ ምቱት፣ ሁሉም ዱቄት እኩል ውሃ ስለማይጠጣ ነው ከዚህ እስከዚህ ያልኩት፣ ለመጋገር ከደረሰ የእንጀራ ሊጥ ትንሽ ወፈር ካለ በቂ ነው። ከ1 ማንኪያ ዘይት ጋር አዋህዳችሁ ግማሽ ሰዓት ይረፍ፣ እስከዛ ዘቢቡን ለብ ያለ ውሃ ውስጥ ነክራችሁ ጭመቁት። ትሪውን በደንብ ዘይት ቀብታችሁ ሊጡን ገልብጡ፣ ዘቢቡን ፒኖሊውን የጥብስ ቅጠሉን ከላይ በትኑ፣ የቀረውን ዘይት አንጠባጥቡበት፣ በ190 ወይ 200 ዲግሪ ከ35 እስከ 40 ደቂቃ። ከኦቨን እንደወጣ አትቁረጡት፣ ለብ ሲል ወይ ሲቀዘቅዝ ነው ጣዕሙ የሚወጣው።

ጥያቄ፦ ስኳሩን ረሳሽው መሰለኝ?

አልረሳሁም ወንድሜ፣ ስኳር የለውም። ካስታኛው ሲደርቅ ውሃው ይሄድና ጣፋጩ ይቀራል፣ ዱቄቱ ለብቻው ይጣፍጣል። ስኳር የሚጨምሩ አሉ፣ በወተት የሚያቦኩም አሉ፣ መብታቸው ነው፣ እኔ ግን ስኳር የገባበትን አልወደውም ምክንያቱም ያቺ የካስታኛዋ የራሷ ጣዕም ትጠፋለች፣ እሷን ካጠፋን ደግሞ በስንዴ ዱቄት ሌላ ኬክ መስራት ይሻላል። ጥሩ ዱቄት ካላችሁ ስኳር አያስፈልጋችሁም፣ መጥፎ ዱቄት ካላችሁ ደግሞ ስኳር አያድናችሁም።

ጥያቄ፦ የኔ መረረኝ፣ እስከ ማታ ጉሮሮዬ ላይ ቀረ።

ዱቄቱ አርጅቷል። የካስታኛ ዱቄት ቅባት ስላለው ቶሎ ይበላሻል፣ ሙቀት ደግሞ ጠላቱ ነው። የዓመቱ አዲስ ዱቄት የሚወጣው ህዳር መጨረሻና ታህሳስ ላይ ነው፣ ስትገዢ ጀርባው ላይ የየትኛው ዓመት ምርት እንደሆነ እዪ፣ ቤት ስትገቢ በደንብ ዘግተሽ ፍሪዘር ውስጥ አስቀምጪው። ከመስራትሽ በፊት ደግሞ በጣትሽ ጫፍ ነክተሽ ምላስሽ ላይ አድርጊው፣ ጥሩው መጀመሪያ ይጣፍጣል፣ ቀስ ብሎ ይሟሟል፣ ከኋላ ትንሽ የጭስ ሽታ ይመጣል። መጥፎው ገና ስትቀምሺው ነው የሚያስታውቀው፣ እሱን ጣይው፣ ዘይቱንና ፒኖሊውን አታባክኚ።

ጥያቄ፦ ጭስ ካልሽ አይቀር፣ የኔ ዱቄት ጭስ ጭስ ይላል፣ ተቃጥሎ ይሆን?

አይ፣ እድለኛ ነህ! እንደዛ የሚሸተው በድሮው መንገድ የደረቀው ነው። ከሉካ ከተማ በላይ ባለው ጋርፋኛና በሚባለው ተራራማ አገር ሜታቶ የምትባል ትንሽ የድንጋይ ቤት አለች፣ ሁለት ፎቅ ናት፣ ላይኛው ወለል ክፍተት ክፍተት ካለው እንጨት የተሰራ ነው፣ ካስታኛውን እዛ ላይ ይከምሩታል፣ ታች የካስታኛ እንጨት እሳት ይነዳል። እሳቱ መንበልበል የለበትም፣ ሲጨስ ሲጨስ 40 ቀን ያህል ነው የሚቆየው፣ መሃል ላይ ካስታኛውን ያገላብጡታል፣ እሳቱን የሚጠብቅ ሰውም ያስፈልጋል። ከዛ ተፈልፍሎ፣ የተበላሸው በእጅ ተለቅሞ፣ በድንጋይ ወፍጮ ይፈጫል። 3 ኪሎ እርጥብ ካስታኛ ደርቆ 1 ኪሎ ቢወጣው ነው። የጋርፋኛናው ዱቄት እ.ኤ.አ. ከ2004 ጀምሮ ዶፕ የሚባለው የአካባቢ ጥበቃ ምልክት አለው፣ ጎረቤቱ የሉኒጃናውም አለው፣ ምልክቱን ካገኛችሁ ዓይናችሁን ጨፍናችሁ ግዙ።

ጥያቄ፦ ታዲያ ለምንድነው እንደዚህ የተወደደው? የድሃ ምግብ ነበር ይባል የለ?

ነበር። እነዚህ ተራሮች ላይ ስንዴ አይሆንም፣ ሰው ክረምቱን የሚያልፈው በካስታኛ ነበር፣ ዛፉን የዳቦ ዛፍ ነው የሚሉት፣ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜም ብዙ ቤት ያተረፈው እሱ ነው። አሁን የሚለቅመው ሰው አርጅቷል፣ ወጣቱ ወደ ከተማ ወርዷል፣ ስራው ከላይ እንዳያችሁት ነው። በዛ ላይ እ.ኤ.አ. በ2002 ከእስያ የመጣች ትንሽ ተርብ ሰሜን ጣሊያን ፒየሞንቴ ውስጥ ታየችና በመላ አገሪቱ ተዛመተች፣ የዛፉ እምቡጥ ውስጥ እንቁላሏን ስለምትጥል ቅርንጫፉ ያብጥና ፍሬ አይሰጥም፣ ለዓመታት ምርቱን ክፉኛ ጎዳችው። ያዳናቸው የሷን እጭ የሚበላ ሌላ ተርብ ከጃፓን አምጥተው መልቀቃቸው ነው፣ ቀስ በቀስ አገግሟል። ስለዚህ ዋጋው ሲከብዳችሁ እዛ ላይ ያለውን ልፋት አስቡልኝ።

ጥያቄ፦ ለጾም ይሆናል?

እንቁላል፣ ወተት፣ ቅቤ ምንም የለበትም፣ ለዐቢይ ጾምም ለነቢያትም ይሆናል። እዚህ አገር ከሪኮታ (ለስላሳ የጣሊያን አይብ) ጋር ነው የሚያቀርቡት፣ በጾም እሱን ተዉት እንጂ ኬኩ ለብቻው በቂ ነው።

ጥያቄ፦ የጥብስ ቅጠል ስትይ የኛው ነው?

አዎ የኛው ሮዝመሪ፣ ትኩስ ይሁን እንጂ። የደረቀው ኦቨን ውስጥ ያርና ይመራል።

ጥያቄ፦ ዱባይ ነኝ፣ የህንዶች ሱቅ "የውሃ ቼስትነት" የሚል ዱቄት አየሁ፣ ሲንጋራ ይሉታል። ልግዛው?

አትግዛ ወንድሜ! ስሙ ነው እንጂ ሌላ ነገር ነው፣ ውሃ ላይ ከሚበቅል ተክል የሚወጣ ነው፣ ያ ጣፋጭነት የለውም፣ በሱ ካስታኛቾ አይወጣም። የጣሊያን ወይም የፈረንሳይ ዕቃ ያለበት ሱቅ ፈልግ፣ ኮርሲካ ደሴትም ጥሩ የካስታኛ ዱቄት አላት።

ጥያቄ፦ እናቴ ስኳር አለባት፣ ስኳር ካልገባበት ትብላ?

እንደሱ ብላችሁ እንዳትሰጧት እባካችሁ። ያልተጨመረበት ማለት የሌለበት ማለት አይደለም፣ ከ100 ግራም ዱቄት 70 ግራም የሚበልጠው ካርቦሃይድሬት ነው፣ ከሱም ውስጥ ብዙ የራሱ ስኳር አለ። ዘቢቡም አለ። ሐኪሟን ጠይቃ ቁራጭ ትቅመስ እንጂ እንደ ልቧ የሚበላ አይደለም። ግሉተን ለማይስማማቸው ግን ይሆናል፣ ብቻ ወፍጮው ስንዴም የሚፈጭ ሊሆን ስለሚችል ማሸጊያው ላይ ከግሉተን ነጻ የሚለውን አረጋግጡ።

ጥያቄ፦ ግማሽ ፓኬት ዱቄት ተረፈኝ፣ ለካስታኛቾ አይበቃም።

ኔቺ (ስስ የካስታኛ ቂጣ) ስሪበት! ዱቄት፣ ውሃና ቆንጠር ያለ ጨው ብቻ፣ ሊጡን ከካስታኛቾው ወፈር አድርጊው፣ ዘይት የተቀባ መጥበሻ ላይ በስሱ አፍስሰሽ ሁለቱንም ፊት አብስዪ፣ ካወጣሽው በኋላ በሙቀቱ ሪኮታ ቀብተሽ ጠቅልዪው። ሲቀዘቅዝ ስለሚደርቅ አንዱን እየበላችሁ ሌላውን ጋግሪ።