መልስ፦ ከውጭ የጫንኩት ፎቶ ወርድ ስሰጠው ለምን ይጠፋል?
አብሽር ወንድሜ፣ የላሊበላ ፎቶዎችህ ደህና ናቸው፤ የቸኮለው ኮድህ ነው። በአክሽንስክሪፕት 3 (በፍላሽ የፕሮግራም ቋንቋ) «ሎድ» (ጫን) ብለህ በሚቀጥለው መስመር ወርዱን 800 ስትለው ፎቶው ገና አልገባም፤ ሎደሩ (ፎቶውን የሚጭነውና የሚይዘው ዕቃ) ባዶ ነው። ባዶ ነገር ላይ ወርድ ሲሰጥ «ስኬል ኤክስ» (የወርዱ ማባዣ) 0 ይሆንና ፎቶው በኋላ ቢገባም አይታይም። መጠን የሚሰጠውን ኮድ በሙሉ «ኮምፕሊት» ማዳመጫ (ጭነቱ ሲያልቅ የሚሠራ ኮድ) ውስጥ አስገባው። ማዳመጫውን ግን ሎደሩ ላይ ሳይሆን «ኮንቴንት ሎደር ኢንፎ» (የሎደሩ የጭነት መረጃ) ላይ አድርገው፤ ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ነው፣ የስህተት መልእክትም አይመጣልህም።

ወርድና ቁመትን ለየብቻ አትስጥ፣ ቤተ ጊዮርጊስ ይጨፈለቅብሃል። ፎቶህ 4000 በ3000፣ ክፈፍህ 800 በ450 ነው ብለሃል፦ 800 ሲካፈል ለ4000 0.2፣ 450 ሲካፈል ለ3000 0.15። ትንሹን፣ 0.15ን፣ ለሁለቱም ስኬል (ለወርዱም ለቁመቱም) ስጥ፤ 600 በ450 ይሆናል። ኤክስን (የአግድም ቦታውን) 100 ካደረግከው መሃል ይቀመጣል። ጠርዙ ከሻከረ የቢትማፑን (የገባውን ፎቶ) «ስሙዚንግ» (ማለስለሻ) ትሩ በለው።

በስኬል ማሳነስ ሜሞሪ አይቆጥብም። አንዱ ፒክስል 4 ባይት ስለሚይዝ አንዱ ፎቶ 48 ሚሊዮን ባይት ይበላል፤ የ11ዱን አብያተ ክርስቲያናት ባንዴ ከጫንክ ከ500 ሜጋባይት በላይ። ቀድመህ በፎቶሾፕ አሳንሳቸው።