ድንጋይ የሸፈነው ለስላሳ ኮራል፦ ብሪያሪየም ነው ወይስ ኤሪትሮፖዲየም?

ጠያቂያችን በካሪቢያን ባሕር ያነሡትን ፎቶ አያይዘው፣ ድንጋዩን እንደ ምንጣፍ የሸፈነው ቡናማ ለስላሳ ኮራል ብሪያሪየም አዝቤስቲነም ይሁን ኤሪትሮፖዲየም ካሪቤኦረም ለመለየት እንደተቸገሩ ጽፈዋል። በፎቶው ላይ ፖሊፖቹ (ኮራሉን የሚሠሩት፣ ክንዶች ያሏቸው ጥቃቅን እንስሳት) በሙሉ ተዘርግተው ስለሚታዩ በእሱ ብቻ ቁርጥ ያለ መልስ ለመስጠት አልደፍርም፤ ሁለቱን በዓይን ለመለየት የሚረዳው ዋናው ምልክት ጎልቶ የሚታየው ፖሊፖቹ ሲሰበሰቡ ነውና።

በሚቀጥለው ጊዜ ሲጠልቁ ኮራሉን ሳይነኩ ከላዩ ያለውን ውኃ በእጅዎ ገፋ ገፋ ያድርጉና ፖሊፖቹ እስኪገቡ በትዕግሥት ይጠብቁ። ኤሪትሮፖዲየም ሲዘጋ ገጹ እንደ ተለፋ ቆዳ ለጥ ይላል፤ ፖሊፖቹ የገቡባቸው ቦታዎችም ጥቃቅን ነጥቦች ብቻ ሆነው ይቀራሉ። በብሪያሪየም ላይ ግን እያንዳንዱ ፖሊፕ የገባበት ቦታ ከፍ ብሎ ስለሚቀር ገጹ ጉብጉብ ያለ ይሆናል። ሲከፈቱም ቢሆን የኤሪትሮፖዲየም ክንዶች እንደ ፀጉር የቀጠኑ በመሆናቸው ምንጣፉ ከሩቅ ሲያዩት ጸጉራም ይመስላል።

ከዚህ ሁሉ በፊት ግን የክንዶቹን ቁጥር ያረጋግጡ። የለስላሳ ኮራል ፖሊፕ ስምንት ክንዶች ብቻ አሉት፤ ክንዶቹም ግራና ቀኝ እንደ ላባ ቅርንጫፍ ያወጣሉ። ክንዶቹ ከስምንት በላይና ቅርንጫፍ የሌላቸው ከሆኑ ያዩት ምናልባት ዞአንቲድ የሚባል፣ ለስላሳ ኮራል ያልሆነ ሌላ የባሕር እንስሳ ነው።

የዕድገት ቅርጽን በተመለከተ ብዙዎቻችን የምንሳሳተው ቅርጹን እንደ ስም በመቁጠራችን ነው። ብሪያሪየም አዝቤስቲነም በአንድ ቦታ ድንጋይ ላይ ተለጥፎ ይሰፋል፣ በሌላ ቦታ ደግሞ እንደ ጣት ወደ ላይ ይቆማል፤ ዝርያው ግን አንድ ነው። ሁለቱም ዝርያዎች የሞተ ጎርጎኒያን (እንደ ቁጥቋጦ ቅርንጫፍ የሚያወጣ ኮራል) አጽም ላይ ወጥተው ሊሸፍኑት ስለሚችሉ፣ ቅርንጫፍ ያለው ሌላ ኮራል መስለው ይታያሉ። እኔም እንዲህ ያለውን በቅርንጫፉ ብቻ ፈርጄ ጎርጎኒያን ብዬ መዝግቤው ነበር፤ በኋላ ጫፉን ስመለከት የአሮጌው አጽም ጥቁር ዘንግ ከሥሩ ወጥቶ አየሁት። ቀለምም አያስተማምንም፤ ቡናማው ቀለም በአብዛኛው በውስጣቸው ከሚኖሩት አልጌዎች የሚመጣ ሲሆን፣ ሥራቸው አካባቢ የሚታየው ቀይ ሐምራዊ ሽፋንም በሁለቱም አለ።

የመጨረሻውን ቃል የሚሰጡት በሥጋው ውስጥ ያሉት ስክሌራይት የሚባሉ ጥቃቅን የካልሲየም ካርቦኔት ቅንጣቶች ናቸው። ናሙና ለመውሰድ ፈቃድ ካለዎት ጥቂት ሚሊሜትር የምትሆን ቁራጭ ይበቃል። በረኪና ጠብ ሲያደርጉባት ሥጋው ሟሙቶ ቅንጣቶቹ ከሥር እንደ ነጭና ሐምራዊ ዱቄት ይዘቅጣሉ፤ በንጹሕ ውኃ ደጋግመው ካጠቡ በኋላ በማይክሮስኮፕ ያዩአቸዋል። የብሪያሪየም ቅንጣቶች ሁለት ጫፋቸው የሾለ እንዝርት ይመስላሉ፤ የኤሪትሮፖዲየም ግን ከመካከል ወደ ስድስት አቅጣጫ ጉብታ የሚያወጡ ትንንሽ ቅንጣቶች ናቸው። የገጹንና የሥሩን ናሙና ለየብቻ ያዘጋጁ፣ ቅንጣቶቹ ከሽፋን ሽፋን ሊለያዩ ይችላሉና። ናሙናውን ፎርማሊን በሚባለው ናሙና ማቆያ ፈሳሽ ውስጥ እንዳያስቀምጡ አደራ እላለሁ፤ ፎርማሊን እየቆየ አሲድነቱ ይጨምራል፣ አሲድ ደግሞ ካልሲየም ካርቦኔትን ይበላል። ከወራት በኋላ የከፈትኩት አንድ ብልቃጥ ውስጥ ያገኘሁት ጫፋቸው የተበላ፣ ምንም የማይነበብባቸው ቅንጣቶችን ነበር። ሰባ በመቶ ኤታኖል ይሻላል።

ናሙና መውሰድ ካልቻሉ የተዘጋውን ገጽ ከማስመሪያ ጋር በቅርብ አንሥተው፣ ድንጋዩን የሚነካውን ጠርዝም ጨምረው ይላኩልን። ጠርዙ ላይ ፖሊፖቹ በቀጫጭን ሪባን መሳይ ሥሮች ብቻ ተያይዘው በመካከላቸው ባዶ ድንጋይ ከታየ፣ ያገኙት ከሁለቱም አይደለም፤ ክላቩላሪያ ከሚባለው ሌላ ለስላሳ ኮራልና ከዘመዶቹ ጋር ማወዳደር ይኖርብናል።