ጥቅምት ላይ ለምትጠፉት ልጆቼ

ልጆቼ፣ እንደምን ሰነበታችሁ?

ሰኔ ላይ በማኅበራችሁ በኩል የተከፋፈላችሁትን የአትክልት ቦታ ትናንት አመሻሽ ላይ ዞሬ አየሁት። ክረምቱ ሲገባ 14 ሰው ቆፍሮት ነበር። አሁን የሰው እጅ የሚያገኘው የአምስት ሰው ድርሻ ብቻ ነው። የቀረውን ቅንጨ አረም፣ ያ ፓርቲኒየም የምትሉት፣ ወርሶታል፤ ወገቤ ድረስ ቆሞ ነጭ አበባውን አውጥቷል። ጥግ ላይ የማን እንደሆነ ያላወቅኩት ውሃ ማጠጫ ተጋድሞ ሸረሪት አድርታበታለች።

ይህን የምጽፈው ልወቅሳችሁ አይደለም። በግብርና ባለሙያነት 36 ዓመት ስሠራ ካየሁት ልንገራችሁ፤ አትክልት ጀምሮ የሚተው ሰው አብዛኛውን ጊዜ ሰነፍ አይደለም። ሰነፍማ መጀመሪያውኑ ዶማ አያነሳም። የሚተወው ያ በመጀመሪያው ቅዳሜ ከሁሉ ቀድሞ የመጣው፣ የደረሰውን መቶ ካሬ ሜትር በአንድ ቀን ገልብጦ መዳፉ ውሃ ቋጥሮ ወደ ቤቱ የሄደው ልጅ ነው። ብዙዎቻችሁን እንደዚያ ሆናችሁ አይቻችኋለሁ፤ ደስም ብሎኝ ነበር።

ነገሩ ከአዳማ አየር ይጀምራል። ዝናባችን የሚበዛው ሐምሌና ነሐሴ ላይ ነው። ቦታውን ሰኔ ላይ ስትረከቡ ውሃ ማጠጣት የሚባል ጣጣ የለም። ችግኙ በየቀኑ ከፍ ሲል ታያላችሁ፣ በሳምንት አንዴ ብቅ ብትሉም የሚጎድል ነገር አይታያችሁም። ያው ዝናብ ግን አረሙንም ያጠጣል። ሐምሌ ውስጥ ሁለት ሳምንት የተተወ መደብ ነሐሴ ላይ ሰርዶና እንግጫ ተጠላልፎበት ይጠብቃችኋል። እሱን እንደምንም ታግላችሁ ስታልፉ ደግሞ መስከረም ያልቃል፣ ዝናቡ ይቆማል፣ ነፋሱ ይነሳል። ከከተማችን ዳር ኮረብታው ላይ የነፋስ ኃይል ማመንጫ የተተከለው ይህን ነፋስ ታምኖ ነው። ለመብራት የሚበጀው ነፋስ የሰላጣ ቅጠል ላይ ሲያርፍ ያጠወልገዋል፤ አሸዋ የሚበዛበት አፈራችንም የጠጣውን ውሃ ብዙ አያቆይም።

እስቲ አብረን እናስላው። በበጋ አንድ ካሬ ሜትር አትክልት በቀን 5 ሊትር ያህል ውሃ ይፈልጋል። አሥር ካሬ ሜትር መደብ ካላችሁ 50 ሊትር፣ ሁለት ጀሪካን ተኩል ማለት ነው። ይህ ይቻላል። መቶ ካሬውን በሙሉ ከተከላችሁት ግን 500 ሊትር፣ 25 ጀሪካን ይሆናል። በፈረቃ በሚመጣ ውሃ፣ ከሥራ ወይም ከትምህርት መልስ፣ በየቀኑ 25 ጀሪካን ማን ይሸከማል? መሬቱ ሲከፋፈል ይህን ሒሳብ የነገራችሁ ሰው የለም። ሊነግራችሁ ይገባ የነበረው እንደኔ ያለ ሰው ነው። እዚያው ቆሜ እያየሁ ዝም ማለቴ ይቆጨኛል፤ ይህን ደብዳቤም ያስጀመረኝ እሱ ነው።

እኔ በራሴ ደርሶብኝ ነው ያወቅኩት። በ1979 ዓ.ም. ገና ከኮሌጅ ወጥቼ ሥራ እንደያዝኩ፣ ከመሥሪያ ቤታችን ጀርባ ለሠራተኛው የሚታደል የአትክልት ቦታ ነበር። ድርሻዬን ተቀብዬ አንድ ጥግ እንኳ ሳላስቀር ቲማቲም ተከልኩበት። ባለሙያ ነኝና ለሌላው አርአያ መሆን ፈለግሁ። ፍሬ መያዝ ሲጀምር ለሦስት ሳምንት መስክ ወጣሁ። ስመለስ ድጋፍ ያላቆምኩለት ቲማቲም አረሙ ውስጥ ተኝቷል፤ የቀላው ፍሬ መሬት ነክቶ በስብሷል።

ያን ቀን ቢጀመር በሁለት ቀን የሚያልቅ ሥራ ነበር። ግን አፈርኩ። የግብርና ባለሙያ ሆኖ ማሳውን አረም የወረሰበት እኔ ብቻ የሆንኩ መሰለኝ። ወደ ቢሮ ስገባ በጓሮ በኩል ያለውን በር ትቼ በዋናው መዞር ጀመርኩ። አረሙ በየሳምንቱ ሲረዝም እኔም ከቦታው ይበልጥ ራቅሁ። በመጨረሻ ለሌላ ሠራተኛ ሰጡት፣ እኔም እፎይ አልኩ። እስከ ዛሬ የሚከነክነኝ ያ እፎይታ ነው። አረሙን እችለው ነበር፤ ከዚያ ቦታ ያስወጣኝ ሐፍረት ነው። እናንተም ከሠፈር ስትወጡ በታችኛው መንገድ መዞር ከጀመራችሁ ሐፍረቱ እንደያዛችሁ እወቁት።

ከእኔ ቦታ አጠገብ የመሥሪያ ቤታችን የጽዳት ሠራተኛ የነበሩ እናት ድርሻ ነበር። እትዬ ነበር የምንላቸው። ከተሰጣቸው ላይ አራት መደብ ብቻ ቆፍረው የቀረውን ዘበኛው ለጥጃው ሣር እንዲያጭድበት ተዉለት። ጠዋት ሥራ ከመግባታቸው በፊት ነጠላቸውን ወገባቸው ላይ አስረው፣ የዘይት ጣሳ ይዘው ይመጣሉ። መደቡን ከዳር እስከ ዳር አንድ ጊዜ ብቻ ይሄዱበታል። አረም ሲያዩ ጎንበስ ብለው በሁለት ጣት ነቅለው ጣሳው ውስጥ ይጥሉታል። እንግጫ ከሆነ አይጎትቱትም። በቢላዋ ጫፍ ዙሪያውን ፈልፍለው ከሥሩ ያለችውን ጥቁር፣ ሽምብራ የምታክል ፍሬ ያወጧታል፤ እሷ አፈር ውስጥ ከቀረች ሣሩ በሳምንቱ ተመልሶ ይበቅላል። ጣሳው ሲሞላ ያበቃል። መደቡ ቢጸዳም ባይጸዳም እጃቸውን ታጥበው ይሄዳሉ። አንድ ቀን «እትዬ፣ እዚያ ጋ እኮ ቀርቶብዎታል» አልኳቸው።

«ለነገ ይሁን ልጄ፣ ነገም እመጣ የለ» አሉኝ።

ቆስጣ ሲቆርጡም እንዲሁ ነበሩ። ከውጭ በኩል ያለውን ቅጠል ብቻ ከግርጌው ጠምዘዝ አድርገው ያነሳሉ፤ መሃሉን አይነኩም። አንዴ የተከሉትን ቆስጣ ወራት ሙሉ ሲበሉትና ለጎረቤት ሲሰጡት አይቻለሁ። ከአንድ ሄክታር ስንት ኩንታል ቲማቲም እንደሚገኝ በቃሌ እወጣው ነበር፤ ከእሳቸው አራት መደብ ግን ምንም ሳልማር ዓመታት አለፉ።

አሁን ወደ እናንተ ልመለስ። ነገ ሂዱ። ሁሉን ለማጽዳት ብላችሁ አትሂዱ፣ እንደዚያ ካሰባችሁት ነገም አትሄዱም። መጀመሪያ ቅንጨ አረሙን ዘሩን ሳያራግፍ ንቀሉት። ከአሜሪካ አህጉር የመጣ ባዕድ አረም ነው፣ ወደ አገራችን የገባው በ1970 ዓ.ም. አካባቢ ነው፣ አንዷ ተክል ከ10 ሺህ በላይ ዘር ልታፈራ ትችላለች። ስለዚህ በእናንተ ድርሻ ላይ የቆመው አረም የዚያ በየቀኑ ውሃ የሚሸከመው ጎረቤታችሁም ዕዳ ነው። በባዶ እጅ እንዳትነኩት፣ ቆዳ ያቆጣል። እጅጌ ያለው ልብስ ልበሱ፣ ጓንት ከሌለ እጃችሁን በፌስታል ጠቅልሉ፤ አስም ያለባችሁ ለሌላ ሰው ተዉት። የነቀላችሁትን በከረጢት አጭቁት እንጂ ኮምፖስት ጉድጓድ ውስጥ አትጨምሩት።

ከዚያ አንድ የሰሌን ምንጣፍ የምታክል ቦታ አጽዱ። የቀረውን አጭዳችሁ በባዶ የማዳበሪያ ከረጢት ሸፍኑት፣ ዳር ዳሩን ድንጋይ ጫኑበት። ብርሃን ያጣ አረም ይዳከማል፤ እናንተም በመጣችሁ ቁጥር እሱን እያያችሁ አትሳቀቁም። በጸዳችው ቦታ ላይ ሰላጣ ወይም ቆስጣ አድርጉ። ሁለት ወር ሳይሞላ ቤታችሁ ይገባል፣ እናታችሁም ቀምሳ ትመርቃችኋለች፤ ጀማሪን እንደዚህ የሚያበረታ ነገር የለም። ሽንኩርት እንዳትሉኝ። መልካሳ ያለው የምርምር ማዕከል ያወጣው፣ በከተማችን ስም አዳማ ሬድ የሚባለው ዝርያ ያኮራኛል፤ ቢሆንም ሽንኩርት ከችግኝ መደብ እስኪነቀል አምስት ወር ያህል ትዕግሥት ይጠይቃል። ቲማቲምም ለከርሞ ይቆይ። ቱታ የሚባለው ተባይ በ2004 ዓ.ም. ገደማ አገራችን ከገባ ወዲህ ቲማቲም በየዕለቱ የሚያየው ዓይን ይፈልጋል፤ ትሉ ቅጠሉ ውስጥ ገብቶ ስለሚበላ ዘግይቶ የደረሰ ሰው ብዙም አያተርፍም።

ውሃውን በማለዳ ወይም ፀሐይ ስትጠልቅ ከሥሩ ላይ አፍስሱ። በየቀኑ ላዩን ከመርጨት በሁለት ቀን አንዴ ጠለቅ አድርጎ ማጠጣት ይሻላል፤ ገና የተተከለ ችግኝ ብቻ በየቀኑ ይፈልጋል። መደቡን የጤፍ ጭድ አልብሱት። ጭዱን ነፋስ ይወስደዋል የምትሉት እውነት ነው፣ እኔም ስንት ጊዜ ተወስዶብኛል። የግራር ጭራሮ ጣል አድርጋችሁበት ከላይ ውሃ ስትረጩበት ይቀመጣል። የጋሪ ፈረስ ፍግ ደግሞ ትኩሱን አትበትኑ። ፈረስ የበላውን የሣር ዘር በደንብ አይፈጨውም፣ ፍጉ ውስጥ ያለው ዘር ሳይሞት መደባችሁ ላይ ይበቅላል። ሰኔ ላይ ትኩሱን በጆንያ ጭናችሁ ስትበትኑት አይቻችኋለሁ። ከምራችሁ፣ እያገላበጣችሁ፣ ሦስት ወር ያህል አብላሉት።

ሌላም ነገር አለ። ከመካከላችሁ ኢንዱስትሪ ፓርኩ ሥራ የገባ አለ፣ ያገባ አለ፣ አዲስ አበባ የሄደም አለ። ሕይወት ነው። መሬቱን ግን አንቃችሁ አትያዙት። ለማኅበራችሁ ተናገሩና ግማሹን ወይም ሙሉውን ለሚፈልግ ልቀቁለት። ተራ የሚጠብቅ ሰው እንዳለ አውቃለሁ፣ ቤቴ ድረስ መጥተው የጠየቁኝ አሉ። መሬቱን መመለስ ነውር አይደለም፤ ሳይናገሩ መጥፋት ግን ለራሳችሁም ለማኅበራችሁም ጥሩ አይደለም። የማትችሉት ለአንድ ወር ብቻ ከሆነም «እስከ ኅዳር አጋማሽ አልመጣም፣ ቆስጣዬን እየቆረጥክ ብላ፣ ውሃ አጠጣልኝ» ብላችሁ ለጎረቤታችሁ አደራ ስጡ። ቅጠሉ በወቅቱ ከተቆረጠ ተክሉም ይጠቀማል።

ትናንት ከግቢው ልወጣ ስል ከእናንተው አንዷን ከአጥሩ ውጭ ቆማ አገኘኋት። «አባባ፣ ውስጥ ሰው አለ?» አለችኝ። ማንም የለም ስላት ገባች። ሰው እንዳያያት ፈልጋ እንደነበር ገባኝና ምንም አላልኩም። ድርሻዋ ላይ ስንደርስ የት ጋ ምን እንደተከለች እንኳ ጠፍቷት ነበር። አረሙን ከፈል ከፈል አድርገን ስናይ ከሥሩ ሦስት ቆስጣ አገኘን። የውጩ ቅጠል ቢጫ ሆኖ መሬት ላይ ተለጥፏል፣ መሃሉ ግን ለምለም ነው። ዙሪያቸውን አጸዳንላቸው፣ ቢጫውን ቅጠል አነሳን። ሄዳ አንድ ጀሪካን ውሃ አመጣችና ለሦስቱ አካፈለቻቸው። አፈሩ ወዲያው ጠጥቶ ደረቀ፣ ደገመችላቸው። ሲመሽ ተለያየን።

ዛሬ ጠዋት በዚያ ሳልፍ የሦስቱ ቆስጣ ሥር ርሶ ነበር።