የመኮንን ምዘና ስትጽፍ አንባቢህ ማን እንደሆነ አትርሳ

ወንድማችን የጠየቀው አጭር ነው። አዲስ የሻምበል አዛዥ ሆኗል። በሥሩ ያሉትን ሦስት የመቶ መሪዎች (በመቶ አለቃ ማዕረግ ሆነው «መቶ» የሚባለውን የሻምበሉን ክፍል የሚመሩ መኮንኖች) የዓመቱን ምዘና መጻፍ አለበት። «ሦስቱም ጎበዞች ናቸው፤ ስጽፈው ግን አንድ ዓይነት እየሆነ አስቸገረኝ። ምን ልጻፍ?» ይላል። ቀድማችሁ የመለሳችሁለት ወንድሞች ስለ ቅጹ አሞላል በደንብ ነግራችሁታል። እኔ ቅጹን ልተውና ስለ ጽሑፉ ላውራ። ጡረታ እስክወጣ ድረስ ምዘና ስጽፍ ኖሬያለሁ። በማዕረግ ዕድገት ቦርድም ተቀምጬ ሌሎች የጻፉትን አንብቤያለሁ። ከመጻፉ ይልቅ ያስተማረኝ ማንበቡ ነው።

እንግዲህ ወንድሜ፣ የምትጽፈው ለመቶ አለቃው አይደለም። ለአለቃህም አይደለም። የምትጽፈው መኮንኑን አይቶት ለማያውቅ ሰው ነው። የቦርድ አባላት ፊት ለፊታቸው ማህደር ተቆልሏል። ለአንዱ ፋይል የሚደርሰው ጊዜ በደቂቃ የሚቆጠር ነው። ልጁ በዝናብ ውስጥ ሲሮጥ አላዩትም። ወታደሮቹ እንዴት እንደሚወዱት አያውቁም። አንተም ደውለህ «እኔ እኮ እንዲህ ለማለት ፈልጌ ነው» አትላቸውም። ወረቀቱ ላይ ያልሰፈረ ነገር ለእነሱ አልተደረገም።

ያ ሰው ከአንተ የሚፈልገው ይህን ነው። ምን ሠራ? ከእኩዮቹ ጋር ሲተያይ የት ላይ ነው? ነገ ምን ቢሰጠው ይወጣዋል? ትጉህ፣ ታታሪ፣ ቆራጥ፣ ታማኝ፣ በሥነ ምግባሩ የተመሰገነ የሚሉት ቃላት ከእነዚህ ጥያቄዎች አንዱንም አይመልሱም። አሥር ፋይል ብትከፍት አሥሩም ላይ ታገኛቸዋለህ። እኛም እንዲህ ያለ መስመር ላይ ስንደርስ ዓይናችን ዘሎት ይሄድ ነበር።

አንድ ምሳሌ ላሳይህ። የማንም ማህደር አይደለም፣ ለዚህ ብዬ ያዘጋጀሁት ነው። የመጀመሪያው ረቂቅ እንዲህ ይላል እንበል፦

«መቶ አለቃው የተሰጠውን ተግባር በአግባቡ የሚወጣ፣ ለሥራው ከፍተኛ ተነሳሽነት ያለው፣ ከበታቾቹ ጋር ተግባብቶ የሚሠራ፣ ለሌሎችም አርአያ የሆነ መኮንን ነው።»

ምን ገባህ? ምንም። ይህ ዓረፍተ ነገር ለሐኪሙም፣ ለመሐንዲሱም፣ ለታንከኛውም ይሆናል። አሁን ጸሐፊውን ቁጭ አድርገን እንጠይቀው። ምን ሠራ? «መቶውን አሠለጠነ።» ሁሉም ያሠለጥናል፣ እሱን ምን ለየው? «ሲረከበው መቶው በተኩስ ፈተና ከሻምበሉ መጨረሻ ነበር።» ከዚያስ? «የጓድ መሪዎቹን (በመቶው ሥር ያሉትን ትንንሽ ቡድኖች የሚመሩትን) ለብቻቸው ይዞ ማታ ማታ ያለ ጥይት ማለማመድ ጀመረ። እነሱ ወታደሮቹን አለማመዱ። በስምንተኛው ወር መቶው አንደኛ ወጣ።» ሐሳቡ የማን ነበር? «የራሱ። በኋላ ሌሎቹም መቶዎች ቀዱት።»

ይኸው፣ ምዘናው ወጣ። አሁን እንጻፈው፦

«በተኩስ ፈተና የሻምበሉ መጨረሻ የነበረውን መቶ ተረክቦ በስምንት ወር አንደኛ አደረገው። ተጨማሪ ጥይት አልጠየቀም። በራሱ ሐሳብ የጓድ መሪዎቹን በየምሽቱ ያለ ጥይት አለማምዶ ያመጣው ውጤት ነው። ዘዴውን ሌሎቹ መቶዎችም ወስደውታል። ካሉኝ ሦስት የመቶ መሪዎች አንደኛው ነው። ዛሬ ምክትል የሻምበል አዛዥ ቢሆን ይወጣዋል። ለቀጣዩ ኮርስ በቅድሚያ ይላክ።»

አንድም የሙገሳ ቃል የለበትም። አንባቢው ግን ትጉህ መሆኑን፣ ፈጣሪ መሆኑን፣ የበታቾቹን እንደሚያበቃ ራሱ ደረሰበት። ሰው ራሱ የደረሰበትን ነገር ያምናል። «በራሱ ሐሳብ» የምትለዋን ልብ በል። እሷ ባትኖር ኖሮ አለቃው አዝዞት ይሆናል ተብሎ ይታለፍ ነበር። መነሻውም ባይጻፍ «አንደኛ ወጣ» ብቻ ይቀር ነበር። ድሮም አንደኛ የነበረን መቶ ተረክቦስ ቢሆን? ቁጥር መነሻና መድረሻ ሲኖረው ነው የሚናገረው።

የመጨረሻዎቹን ሦስት ዓረፍተ ነገሮች ብዙ ሰው ይዘላቸዋል። ከሁሉ የሚከብዱት ግን እነሱ ናቸው። ያለፈው ሥራ ሽልማት ሊያሰጥ ይችላል። ማዕረግ የሚሰጠው ግን ለሚመጣው ሥራ ነው። በአሜሪካ ምድር ጦር ሥራው ለሁለት ተከፍሏል። የቅርብ አለቃው የተሠራውን ይጽፋል፤ ከእሱ በላይ ያለው መዛኝ ደግሞ መኮንኑ ወደፊት ምን እንደሚችል ይጽፋል። እንግሊዞችም አንደኛና ሁለተኛ መዛኝ አላቸው። የአንተ ቅጽ ባይከፍለውም በራስህ ክፈለው። ስለ ወደፊቱ ስትጽፍ ደግሞ ቦታውን ጥራ። «ለከፍተኛ ኃላፊነት ይታሰብ» ምን ማለት ነው? የትኛው ኃላፊነት? መቼ?

ነገሩ አዲስ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1813 ሉዊስ ካስ የሚባል የአሜሪካ ጄኔራል የአንድ ሬጅመንት መኮንኖችን ለጦር ሚኒስቴሩ በደብዳቤ መዝኖ ነበር። በዚያ ጦር ታሪክ የመጀመሪያው የመኮንኖች ምዘና ተብሎ ብዙ ጊዜ ይጠቀሳል። አንዱን መልካም ሰው ነው፣ መኮንን ግን አይደለም አለው። ሌላውን ሁሉም የሚንቀው ወሮበላ ብሎ ጨረሰው። እንደሱ ጻፍ ማለቴ አይደለም፣ ዛሬ ብትጽፈው መጀመሪያ የምትጠየቀው አንተ ነህ። ግን ከሁለት መቶ ዓመት በኋላም ስናነበው ማን ምን እንደነበር ይገባናል። የእኛ የተለሰነ ሙገሳ በሁለተኛው ወር ለራሳችንም አይገባንም።

ወደ ሙገሳ ግሽበት ልምጣ፤ አንተን የያዘህ ይኼ ነው። «ሦስቱም ጎበዞች ናቸው» ብለሃል። ይሁኑ። ሦስቱንም «እጅግ በጣም ከፍተኛ» ካልክ ግን ጎበዙን ቀበርከው። ትልልቆቹ ሠራዊቶች በዚህ ብዙ ተቸግረዋል። እ.ኤ.አ. በ2014 ሥራ ላይ በዋለው የአሜሪካ ምድር ጦር ቅጽ ላይ የበላይ መዛኙ የከፍተኛውን ደረጃ ሣጥን ምልክት የሚያደርገው በአንድ ማዕረግ ከሚመዝናቸው ከግማሽ በታች ለሆኑት ብቻ ነው። በባሕር ኃይላቸው ነጥቡ ከ1.0 እስከ 5.0 ሲሆን፣ 3.0 ማለት ደረጃውን አሟልቷል ማለት ነው። ከጊዜው ቀድሞ ያድግ የሚለው ምክር ደግሞ በአንድ ቡድን ካሉት ለ20 በመቶ ያህሉ ነው የሚሰጠው። የቡድኑ አማካይ ነጥብም እዚያው ይታያል። ስለዚህ ለሁሉም 5 የሚያድል አለቃ ለማንም ምንም አልሰጠም።

የአንተ ሠራዊት ገደብ ባያስቀምጥም ገደቡን ራስህ አስቀምጥ። ቦርዱ መኮንኑን ብቻ ሳይሆን መዛኙንም ያነባል። «ይኼ ሰው ሁሉንም ያሞግሳል» ከተባልክ ቃልህ ዋጋ አጣ። ከዚያ ወዲያ በእውነት ለሚገባው ልጅ ስትጽፍ ማን ይሰማሃል? አንደኛ፣ ሁለተኛ፣ ሦስተኛ ማለት ይጨንቃል፣ አውቃለሁ። ማዕረግ የሚሰጠው ግን ለሦስቱም እኩል አይደለም። አንተ ካልለየሃቸው የማያውቃቸው ሰው ይለያቸዋል።

ሌላው ነገር፣ የምዘና ጽሑፍ ሰምና ወርቅ አለው። ልምድ ያለው አንባቢ ወርቁን ነው የሚፈልገው። «ታዛዥ ነው፣ ሰዓት ያከብራል፣ አለባበሱ ንጹሕ ነው» ብለህ የሻምበል ማዕረግ ስላለው መኮንን ከጻፍክ፣ ሰሙ ሙገሳ ነው። ወርቁ «ሌላ የምጽፍለት አጣሁ» ነው። ይኼ ሁሉ ከምልምል ወታደርም ይጠበቃል። ዝምታም እንደዚያው ይነበባል። የጦር አዛዥ መኮንንን መዝነህ ስለ አመራሩ አንድ ቃል ካልጻፍክ፣ አንባቢው ረስተኸው ነው ብሎ አያስብም። ባለፈው ዓመት «ከእኩዮቹ አንደኛ» ብለኸው ዘንድሮ ደረጃውን ካልጠራህም ልጁ ወርዷል ተብሎ ይነበባል። ብዙ ደህና መኮንን የተጎዳው በክፉ አለቃ ሳይሆን የዋህ ሆኖ በጻፈ አለቃ ነው። ጽፈህ ስትጨርስ እንደ ጠላት ሆነህ አንብበው። ምን ጎደለ? የቱ ቃል በሌላ በኩል ይተረጎማል?

ቢሮ ስለሚሠሩት መኮንኖች ጥቂት ልበል፣ አንተም ነገ ዛሬ ይደርስሃል። የዘመቻ፣ የስንቅና ትጥቅ፣ የአስተዳደር መኮንን ሥራው አይታይም። ሲበላሽ ብቻ ነው የሚታየው። ስለዚህ «እቅድ አዘጋጀ፣ ሪፖርት ላከ» ተብሎ ይጻፍለታል። እቅዱ ምን አመጣ? የቆሙ ተሽከርካሪዎች ተነሡ? የመለዋወጫ መጠበቂያ ጊዜው አጠረ? የደመወዝ ቅሬታ ቀነሰ? አዛዡ ውሳኔውን ቀድሞ እንዲወስን አደረገው? ውጤቱን ፈልገህ አግኘው። ካጣኸው ሌሎች ክፍሎች እየመጡ ሥራቸውን ለእሱ ይሰጡት እንደሆነ ጻፍ። ይህም ማስረጃ ነው።

ይህ ሁሉ ግን ዓመቱ ሲያልቅ ቁጭ ብለህ የምታመጣው አይደለም። የሰው አእምሮ የቅርቡን ነው የሚይዘው። ባለፈው ወር መኪና የገለበጠ ልጅ አሥራ አንድ ወር የሠራው ይጠፋበታል። ባለፈው ሳምንት ሰልፍ ላይ ያማረው ደግሞ ዓመቱን ሙሉ ያማረ ይመስልሃል። ለእያንዳንዳቸው ማስታወሻ ደብተር ላይ ገጽ ክፈት። ቀኑን፣ ያደረገውን፣ ውጤቱን በአንድ መስመር። ሳምንት ሲያልቅ አምስት ደቂቃ ይበቃል። ክፉውንም ደጉንም ጻፍ።

መጀመሪያ ላይም አነጋግራቸው። የአሜሪካ ምድር ጦር የመጀመሪያው ውይይት የምዘናው ጊዜ በተጀመረ በ30 ቀን ውስጥ እንዲደረግ ያዛል፤ ከዚያም ለዝቅተኛ ማዕረግ መኮንኖች በየሩብ ዓመቱ። መኮንኑም ግቡንና የሠራውን ራሱ ሞልቶ ለአለቃው ይሰጣል። ይህን ያለ ደንብም ማድረግ ትችላለህ። «ከአንተ የምጠብቀው ይህ ነው» በለው። ሊጠናቀቅ ሲል ደግሞ «የሠራኸውን ጻፍልኝ» በለው። የማታውቀው ነገር ይወጣል። ግን እሱ የጻፈውን ገልብጠህ አታስገባ። ራሱን የሚያሞግስ አለ፣ አፍሮ የሚደብቅም አለ። ዝም የሚለው ነው ብዙ ጊዜ የሚጎዳው።

አሁን ከባዱ። ደካማ መኮንን ሲገጥምህስ? አብዛኛው አለቃ ሁለት ነገር ያደርጋል። ወይ በለሰለሰ ቃል አልፎት ለሚቀጥለው ክፍል ያስረክበዋል፣ ወይ ዓመት ሙሉ ዝም ብሎ ቆይቶ ምዘናው ላይ ያወርድበታል። ሁለቱም ነውር ነው። የመጀመሪያው ወታደሮቹን ይጎዳል፤ ነገ የሚመራቸው እሱ ነው። ሁለተኛው ልጁን አድብቶ መምታት ነው። ምዘናው ላይ ያለ መጥፎ ነገር ከዚያ በፊት በአፍም በጽሑፍም የተነገረው መሆን አለበት። ስትጽፍ ጠባዩን ሳይሆን ድርጊቱን ጻፍ። «ሰነፍ ነው» አይባልም። «በሁለት ተከታታይ ቆጠራ የመሣሪያ ጉድለት ተገኝቷል፤ በጽሑፍ ተመክሯል፤ በሦስተኛው ቆጠራም አልተስተካከለም» ይባላል። ከተሻሻለም መሻሻሉን ጻፍ። አሉታዊ ምዘና ሲሆን መኮንኑ አይቶ መልሱን የሚያያይዝበት ሥርዓት በብዙ ሠራዊት አለ። እንዳትፈራው። ያለህ ማስረጃ ከሆነ መልሱ አይጎዳህም።

የማይጻፈውን ደግሞ ቶሎ ልበልና ልለፍ። ብሔር፣ ሃይማኖት፣ የቤተሰብ ጉዳይ፣ ሕመም፣ እርግዝና እዚያ ቦታ የላቸውም። ሚስቱ ደግ መሆኗም ቢሆን። ምርመራው ያላለቀ ክስና የሰማኸው ወሬም አይገባም። ምስጢራዊ ነገር አታስገባ፤ ማህደር ብዙ እጅ ይነካዋል። ከአንዱ ምዘና ወደ ሌላው እየገለበጥክም አትጻፍ። የሦስቱ ማህደር አንድ ቀን አንድ ጠረጴዛ ላይ ይገናኛል፤ አንድ ዓይነት አንቀጽ ሦስቴ ያነበበ ቦርድ ሦስቱንም አያምንም። የሌላ ሰው ስም ሳይቀየር የቀረበትም አይቻለሁ።

ለአንተ ዛሬ ማታ የምሰጥህ ሥራ ይኼ ነው። ቅጹን አትክፈት። ሦስት ባዶ ወረቀት ውሰድ። ለእያንዳንዱ መጀመሪያ የመጨረሻውን ዓረፍተ ነገር ጻፍ፦ ስንተኛ ነው፣ ቀጥሎ የት ይመደብ። ከዚያ «ለምን?» ብለህ ጠይቅ። መልሱ ከደብተርህ የሚወጣ አንድ ወይም ሁለት ሥራ ነው። ደብተር ካልያዝክ ምክትልህንና የሻምበሉን ዋና ባሻ አነጋግር፤ እነሱ ብዙ ያስታውሳሉ። ሌላው ተጨማሪ ነው። የሦስቱ የመጨረሻ ዓረፍተ ነገር አሁንም አንድ ዓይነት ከሆነብህ አላየሃቸውም ማለት ነው፤ ሳምንት ካለህ ሄደህ ተመልከታቸው።

ረቂቁን ግን እዚህ እንዳትለጥፍ፤ የሰው ማህደር ነው። የቸገረህን ዓረፍተ ነገር ብቻ ስምና ክፍል አውጥተህ ጻፍልን፣ አብረን እናቃናዋለን። ማስረከቢያ ቀኑ መቼ ነው? እሱን አልነገርከንም።